እጁ ያልታሰረው ውሃ አፍሳሽ

አንድ የግብፅ ንጉሥ ነበር፤ ዘውድ በጫነ በሁለተኛው ዓመት መቃብሩን ማሠራት ጀመረ። ይሄ ሟርት አይምሰላችሁ። በዚያ ዘመን በዚያ አገር ሰው የሚኖርበትን ቤት በጭቃ ጡብ ይሠራ ነበር፣ የሚቀበርበትን ግን አቅሙ ከፈቀደ በድንጋይ። ለምን ቢባሉ፣ እዚህ የምንቆየው ጥቂት ዓመት ነው፣ እዚያ ግን መመለሻ የለም ይላሉ። ሰውዬው ንጉሥ ሲሆን ደግሞ መቃብሩ ፒራሚድ ይሆናል፣ ከፒራሚዱም ሥር ቤተ መቅደስ ይታነጻል። የንጉሡን ስም አትጠይቁኝ። ምሳሌ ነው የማወራችሁ፣ ታሪክ ጸሐፊ አይደለሁም።

ሥራው የሚደራው ወንዙ ሲሞላ ነበር። ውሃው እርሻውን ሲያለብሰው ገበሬው እጁን አጣጥፎ ከሚቀመጥ ወደ ፒራሚዱ ይሄዳል፤ ዳቦና ጠላ እየተሰፈረለት ድንጋይ ይጎትታል። እንግዲህ ዳቦውም ጉልበቱም የአገሩ ነው እንበል። የቀረውስ? ቀዩ ግራናይት ከኑቢያ ድንበር በጀልባ ይወርዳል። ወርቁና ጥቁሩ የዞጲ እንጨት ከዚያው ከኑቢያ ነው። ንጉሡ በወዲያኛው ዓለም የሚቀዝፍበት መርከብ የሚሠራበት ዝግባ ከሊባኖስ በባሕር ይመጣል። ዕጣኑ ከቀይ ባሕር ዳር ካለው ከፑንት አገር፣ መዳቡና ሰማያዊው ድንጋይ ከሲና በረሃ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? ፒራሚዱም እንደዚያ ነው፤ የብዙ ጎረቤት እጅ ነበረበት።

የቤተ መቅደሱን ግድግዳ የሚስለው ሜሪብ የሚባል ሰዓሊ ነው። ዝምተኛ፣ ሥራው የጠራ፣ የቀኝ እጁ ትንሿ ጣት የተጨፈለቀች ሰው ነበር። የጣቲቱን ነገር አሁኑኑ ልንገራችሁ፣ ኋላ ትፈለጋለች። ድንጋይ የሚጎተተው በእንጨት መንሸራተቻ ላይ ተጭኖ ነው፤ ከፊት ከፊቱ እየሄደ አሸዋው ላይ ውሃ የሚያፈስ ሰው አለ። ውሃው ከበዛ መንሸራተቻው ጭቃ ውስጥ ይቀረቀራል፣ ካነሰ ደግሞ አሸዋው አንቆ ይይዘዋል። ልኩን የሚያውቅ ሰው በቀላሉ አይገኝም። ከሚያውቁት አንዱ አኬን የሚባል ኑቢያዊ ነበር። አንድ ቀን ሜሪብ ድንጋዩ ላይ የጎታቾቹን ቡድን ስም በቀይ ቀለም ሲጽፍ ድንጋዩ ከቦታው ተንሸራቶ እጁን ያዘው። ሌላው ሰው ኡ ኡ ሲል አኬን እንስራውን ጥሎ ትከሻውን ከድንጋዩ ሥር አስገባና ሜሪብን ጎትቶ አወጣው። ትንሿ ጣት ተጨፈለቀች፣ እጁ ግን ተረፈ። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ እንደ ወንድማማች ሆኑ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው።

አሁን ደግሞ የአገሩን እምነት እወቁልኝ፣ አለዚያ ነገሩ አይገባችሁም። በእነሱ ዘንድ በመቃብርና በመቃብሩ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ የተሳለ ነገር ሥዕል ብቻ ሆኖ አይቀርም። በሩ ከታሸገ በኋላ ሕይወት ይዘራል፣ የተሳለበትን ሥራ ለዘለዓለም ሲሠራ ይኖራል። ዳቦ ጋጋሪዋ ስትጋግር፣ ቀዛፊው ሲቀዝፍ። ከዚህ የተነሣ በጽሑፋቸው መሀል የእባብ ወይም የአንበሳ ቅርጽ ሲገባ ለሁለት ቆርጠው ይስሉታል፤ ነፍስ ዘርቶ ንጉሡን እንዳይነድፈው፣ እንዳይሰብረው። ብልሆች ነበሩ። አውሬውን እንዲህ የተጠነቀቁትን ሰዎች ግን አንድ ትልቅ ስሕተት አመለጣቸው፣ ወደ እሱ እመጣለሁ።

ሜሪብ ግድግዳውን መጀመሪያ የሳለው ዓይኑ እንዳየው ነው። ከወደቡ ዳር ቆሞ የሚመጣውን ሰው ሲመለከት የኖረ ሰው ነውና የሊባኖሱን ሰው ዝግባ ተሸክሞ፣ የፑንቱን የዕጣን ቅርጫት አቅፎ፣ የኑቢያውን ወርቅና ዞጲ ይዞ፣ የሲናውን መዳብና ሰማያዊ ድንጋይ በሁለት እጁ ዘርግቶ ሳላቸው። ከየአገሩ ብዙ ሰው በሰልፍ ነው፤ ሁሉም ቀጥ ብለው ይራመዳሉ። በመጨረሻው ግድግዳ፣ በሩ አጠገብ፣ አንድ መንሸራተቻ ሳለ፤ ከመንሸራተቻው ፊት አኬንን እንስራውን ዘንበል አድርጎ ውሃ ሲያፈስ። መልኩን ከራሱ ከአኬን ፊት ላይ ነው የወሰደው።

በዚህ መሀል ለንጉሡ አዲስ ጫማ ተሠራለት። የጫማው ሶል ላይ ጎረቤቶቹ ሁሉ እጃቸው የፊጥኝ ታስሮ ተሥለውበታል፤ በተራመደ ቁጥር እንዲረግጣቸው። በዚያ አገር ይህ የተለመደ ነው፣ የነገሥታት ልማድ ነው። ወርቁን በክብር ይቀበላሉ፣ ያመጣውን ሰው በጫማ ይረግጣሉ። ታዲያ አንድ ቀን ንጉሡ ቤተ መቅደሱን ሲጎበኝ ከአጃቢዎቹ አንዱ፣ አፉ ቅቤ የሆነ ሰው፣ እነዚህ ሰዎች ከጫማዎ ሥር ታስረው ሳሉ ግድግዳዎ ላይ ቀጥ ብለው መቆማቸው አያስገርምም ወይ ብሎ ጠየቀው። ንጉሡ ጫማውን አየ፣ ግድግዳውን አየ፣ ፊቱ ተቀየረ።

ትእዛዙ በማግሥቱ ወጣ። ጎረቤቶቹ ሁሉ እንዲንበረከኩ፣ እጃቸው ወደ ኋላ እንዲታሰር፣ የያዙት መሬት እንዲቀመጥ፣ ገመዱንም የግብፅ ሰዎች እንዲይዙ። ከዚህ ትእዛዝ አንዲት መስመር ያጎደለ ቀኝ እጁ ይቆረጣል ተባለ። ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ። ሜሪብ ልስኑን ፍቆ እንደገና መሳል ጀመረ።

የሊባኖሱን አሰረ፣ የፑንቱን አሰረ፣ የሲናውን፣ ወርቅ የያዘውን ኑቢያዊ፣ ሁሉንም አሰረ። ከኋላቸው የግብፅ ወታደሮችንና ጸሐፍትን በሁለት እጃቸው ገመድ አስይዞ አቆመ። ሥራው ሠላሳ ቀን ፈጀ። ሰውን ማሰር ፈጣን ሥራ ነው፣ እጅ ወደ ኋላ፣ ሁለት ዙር ገመድ፣ አለቀ። በሠላሳ አንደኛው ቀን ግን በሩ አጠገብ ደረሰና ብሩሹን ይዞ ቆሞ ቀረ። የቀረው አኬን ነው።

ቆሞ ሲያሰላስል ዋለና ወደ ጎታቾቹ ሰፈር ወረደ። አኬን እንስራውን ሲለቀልቅ አገኘው። የመጣበትን ሳይደብቅ ነገረው፤ እንዳስርህ ታዝዣለሁ፣ ካላሰርኩህ እጄ ይቆረጣል አለው። አኬን መጀመሪያ ሳቀበት። የእኛ ሰው ሲሞት እንደተኛ ሕፃን እጥፍ አድርገን በቆዳ ጠቅልለን እንቀብረዋለን፣ ግድግዳም ሥዕልም አናውቅም፤ እሰረኝና እፎይ በል አለው። ከዚያ ኮስተር ብሎ፣

«ያን ቀን የጎተትኩህ እኮ እጅህ እንዲተርፍ ነው። አሁን ለኔ ብለህ ብታስቆርጣት እኔስ ምን ደከምኩ?» አለው።

ሜሪብ ግን የአገሩ ሰው ነው፣ ግድግዳውን ያምናል። አንዴ ካሰርኩህ ለዘለዓለም ነው፣ ፈቺ የለህም አለው። አኬን ይሄን ሲሰማ እንስራውን መሬት አስቀመጠ። ከዚያ እጄ ወደ ፊት ነው ወደ ኋላ የሚታሰረው ብሎ ጠየቀ። ወደ ኋላ ነው አለው ሜሪብ።

«እንግዲያ ውሃውን ማን ሊያፈስላችሁ ነው?» አለ አኬን።

የሥራ ሰው ነው፣ የጠየቀውም ስለ ሥራው ነው። ሌላ ምሥጢር አልነበረውም። ሜሪብ ግን ጥያቄዋን ይዞ ወደ ግድግዳው ተመለሰ። ሦስት ቀን ብሩሹን ቀለም እየነከረ አነሣ፣ ሦስት ቀን መልሶ አስቀመጠ። የሥራው አለቃ በየቀኑ እየመጣ ያቺ የቀረችው ሥዕል ምን ሆነች ይለዋል፣ ነገ ይለዋል። በአራተኛው ቀን ሜሪብ ብሩሾቹን አጥቦ ዕቃውን ሰበሰበ። ፈርቶ ነበር፣ አልዋሻችሁም፤ እጁ ከተቆረጠ ሚስቱንና ልጆቹን የሚያበላበት ሌላ ሙያ አልነበረውም። ቢሆንም አኬንን ሳያስረው ቀረ።

ቤተ መቅደሱ ሲያልቅ የንባብ ቀን ደረሰ። ይህም ልማድ ነው። አንባቢው ካህን የስጦታውን ዝርዝር በግድግዳው ፊት ጮክ ብሎ ያነባል፤ የእያንዳንዱን ነገር ስም ሲጠራ ነገሩን የያዘውን ሰው እጅ በትንሽ መጥረቢያ ይነካል። እጅ ሲነካ ያ ሥዕል ነፍስ ዘርቶ ሥራውን ይጀምራል ተብሎ ይታመናል። መሬት ላይ የተቀመጠ ነገር አይነካም፣ ሰጪ የሌለው ስጦታ ስጦታ አይባልምና። ንጉሡ በአዲሱ ጫማው መጥቶ በወንበሩ ተቀመጠ። ቀኑ ሐሩር ነበር፣ ቤተ መቅደሱ በሰው ተጨናንቋል።

ካህኑ ጀመረ። ሺህ ዳቦ አለ፣ የጋጋሪዋን እጅ ነካ። ሺህ ማድጋ ጠላ አለ፣ የጠማቂዋን እጅ ነካ። የበሬ ሥጋ አለ፣ እሱም ተገኘ። ንጉሡ በየተራው ራሱን ይነቀንቃል። ከዚያ ካህኑ የሊባኖስ ዝግባ ብሎ ጠራና መጥረቢያውን አንሥቶ ቆመ። የሊባኖሱ ሰው እጅ ከጀርባው ታስሯል፣ ዝግባው መሬት ላይ ተጋድሟል። ካህኑ ወደ ወርቁ አለፈ፣ እጅ የለም። ወደ ዕጣኑ አለፈ፣ እጅ የለም። መዳብ፣ ሰማያዊ ድንጋይ፣ ዞጲ፣ ሁሉም መሬት ላይ ነው። ሰዉ መተያየት ጀመረ።

«ንጉሥ ሆይ፣ የምነካው እጅ አጣሁ» አለ ካህኑ።

ንጉሡ ተቆጣ። እንግዲያ የእኛ ሰዎች አንሥተው ይስጡኝ፣ ከኋላ የቆሙት ምን ይሠራሉ አለ። ካህኑ ወደ ግድግዳው ቀረብ ብሎ የግብፅ ሰዎችን አንድ በአንድ ተመለከተ፤ ሽማግሌ ነው፣ ዓይኑም ደክሟል። ከዚያ እንደማፈር እያለ፣

«የእኛዎቹም እጅ አልተፈታም፤ ሁለቱንም እጃቸውን ገመድ ይዞታል» አለ።

እንግዲህ ነገሩን አስቡት። ንጉሡ ለዘለዓለም የሚቀዝፍበት መርከብ እንጨት የለውም፣ የሚያጥነው የለውም፣ የሚያጌጥበት የለውም። ታሳሪው እጁ ታስሯል፣ አሳሪው ደግሞ ገመዱን ይዞ ለዘለዓለም ቆሟል። አንበሳውን ለሁለት የቆረጡት ብልሆች ይቺን አላዩዋትም ነበር።

ካህኑ ዝርዝሩን መጨረስ ነበረበትና የመጨረሻውን ጠራ፤ ቀዝቃዛ ውሃ። በዚያ በረሃ ዳር ለሚቀበር ሰው ከሁሉ የሚበልጠው ይሄ ነው። በግድግዳው ሁሉ ውሃ የያዘ ሌላ ሰው አልተሳለም። ካህኑ ዙሪያውን ፈልጎ ፈልጎ በሩ አጠገብ ደረሰና በመጥረቢያው የአኬንን እጅ ነካ።

ያን ጊዜ የሥራው አለቃ ዘሎ ወጣ። ይህ ኑቢያዊ ሳይታሰር የቀረው በሜሪብ እንቢተኝነት ነው፣ እኔ ስንቴ ነግሬዋለሁ፣ ፍርዱ ይፈጸም አለ። ሜሪብ ከሰዉ መሀል ወጣ። ቀኝ እጁን ከነተጨፈለቀች ጣቱ ዘረጋ። ንጉሡ ትእዛዙን ሰምተህ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀው፣ አዎ ሰምቻለሁ አለ።

«ይህችን እጅ ያተረፋት እሱ ነው፤ በእሷ ላስረው አልሆነልኝም። ቢሆንም ቀለሙም ብሩሹም እዚህ አለ። ንጉሥ እሰረው ካሉኝ እጄ ሳይቆረጥ አሁኑኑ አስረዋለሁ፤ ካህኑም ቀዝቃዛ ውሃ የሚለውን እንደገና ያንብቡት» አለ።

ንጉሡ የእንስራውን ሥዕል ትኩር ብሎ አየ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው ደርሶበት ምራቁን ዋጥ ሲያደርግ በአጠገቡ የቆሙት ሰምተዋል። ከዚያ እንደመከራከር ብሎ፣ ውሃው ከገዛ ወንዛችን አይደለም ወይ የሚቀዳው አለ።

«ወንዙስ ከየት ነው የሚመጣው፣ ንጉሥ ሆይ?» አለ ሜሪብ። «በእነ አኬን ደጅ አልፎ እኮ ነው።»

ንጉሡ ደግ ሰው ሆኖ ተነሣ እንዳልላችሁ፣ አልሆነም። ጠምቶት ነው። የሰው ልጅ ጎረቤቱን የሚያስታውሰው ብዙ ጊዜ ሲጠማው ነው፣ ነገሥታትም ከዚህ አያመልጡም። በመጨረሻ ወደ ሥራው አለቃ ዞሮ፣ እጁን ተዉት፣ ሥራ አለበት አለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ፈታና ለሜሪብ ሰጠው። መፍታቱን ከዚህ ጀምር አለው።

ሜሪብ ከጫማው ቀጥሎ የግድግዳውን ገመድ መፋቅ ጀመረ። በሠላሳ ቀን ያሰራቸውን በሠላሳ ቀን የሚፈታ መስሎት ነበር፤ ቀለሙ ግን ልስኑ ውስጥ ዘልቆ ደርቋል። በኃይል ከፋቀው የሰውዬው ክንድ አብሮ ይረግፋል፤ በዝግታ ከፋቀው አንዱን እጅ ለመፍታት ወር ይፈጃል። የተንበረከከውን ማቆም ደግሞ ከዚያ ይብሳል። ንጉሡ ከስድስት ዓመት በኋላ ሲሞት ግማሾቹ ተፈተው ነበር፣ ግማሾቹ እንደታሰሩ በሩ ታሸገ። የተፈቱትም ቢሆኑ ገመዱ የነበረበት ቦታ ላይ ልስኑ ነጭ ሆኖ ቀርቷል፤ ከሩቅ የሚያይ ሰው አምባር ያደረጉ ይመስለዋል።

በሩ ከመታሸጉ በፊት ሜሪብ አኬንን ወስዶ ግድግዳውን አሳየው። አኬን መጀመሪያ የራሱን ሥዕል አየና አፍንጫዬን አሳብጠኸዋል ብሎ ቀለደበት። ከዚያ ወደ ውስጥ ገባ አለና የተፈቱትን የአገሩን ሰዎች፣ ነጩን የገመድ ጠባሳ እያየ ብዙ ቆመ። ይሄ አይለቅም ወይ ብሎ ጠየቀ። አይለቅም አለው ሜሪብ፤ አንገቱንም ደፋ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንዲሉ፣ አኬን ዓይኑን ከጠባሳው አላነሣም። ግን ሲወጡ ያቺን የተጨፈለቀች ጣት ያለችበትን እጅ ያዛት፣ እስከ ጎታቾቹ ሰፈር ድረስም አልለቀቃትም።

ምሳሌው ይሄው ነው። ሁላችንም ግድግዳ አለን። ጎረቤታችንን፣ የሥራ ባልደረባችንን፣ ማዶ ያለውን ሕዝብ በልባችን ግድግዳ ላይ እንስላለን፣ በልጆቻችንም ልብ ላይ እናስላለን። እንጀራችንን ያመጣልንን ሰው አንበርክከን፣ እጁን ወደ ኋላ አስረን የሳልነው ቀን ትልቅ የሆንን ይመስለናል። ሰውን ያሰረ ግን የገመዱን ጫፍ መያዝ አለበት፤ ገመድ የያዘ እጅ ደግሞ ሲሰጡት አይቀበልም። ማሰር የሠላሳ ቀን ሥራ ነው፣ መፍታት ዕድሜ ይፈጃል፣ ጠባሳውም ይቀራል። ስለዚህ ከማሰር በፊት የአኬንን ጥያቄ መጠየቅ ይሻላል።

እስቲ እርስዎም የልብዎን ግድግዳ ዞር ዞር ብለው ይዩት። እጁን አስረው የሳሉት ማንን ነው? በጠማዎት ቀንስ ውሃውን ማን ያፈስልዎታል?